ድሬዳዋ ውስጥ አንድን የቆርቆሮ ቤት ያለ ኤሲ ማቀዝቀዝ፦ የጉዳይ ጥናት

ቤቱና ነዋሪዎቹ

ቤቱ ድሬዳዋ ከተማ፣ ከደቻቱ ወንዝ በመጋላ በኩል ካሉት ጠባብ ግቢዎች በአንዱ ይገኛል። ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ወርዱ 5 ሜትር ሲሆን በሁለት ክፍል ተከፍሏል። ግድግዳው ባለ 20 ብሎኬት ነው፤ ውስጡም ውጭውም ተለስኗል። ጣሪያው ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ የሚያፈስ ባለ ሁለት ተዳፋት ቆርቆሮ ነው። ከተመታ ከ15 ዓመት በላይ ስለሆነው አብዛኛው ቦታ ዝጎ ቡናማ ሆኗል። በምሥራቅ በኩል ያለው የፊተኛው ክፍል የቺፑድ ኮርኒስ አለው። በምዕራብ በኩል ያለው የኋላው ክፍል ኮርኒስ የለውም፤ አልጋ ላይ ተጋድሞ ቀና ያለ ሰው የሚያየው ቆርቆሮውን ራሱን ነው።

የሚኖሩበት አምስት ሰዎች ናቸው፤ አያት፣ ሴት ልጃቸው፣ ባሏና ሁለት ሕፃናት። አያት የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ። ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውሉት እሳቸው በመሆናቸው ሙቀቱ ከሁሉም በላይ የሚጎዳው እሳቸውን ነበር። ከቀትር በኋላ ራስ ምታትና ድካም፣ ማታ ደግሞ እንቅልፍ ማጣት ተደጋገመባቸው። ቤተሰቡ አንድ ኤሲ በዱቤ ለመግዛት ተመካክሮ ጨርሶ ነበር። ያገደው ነገር ቢኖር የግቢው የኤሌክትሪክ መስመር ነው፤ ሦስት ቤት በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማል፣ ሽቦውም ቀጭንና አሮጌ ነው።

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት በጥላ ሥር ወደ 35 ዲግሪ ይደርሳል። ሌሊት ግን ወደ 22 ዲግሪ ግድም ይወርዳል፣ አየሩም አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው። ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ የቆመው በእነዚህ ሁለት ነገሮች ላይ ነው።

ሙቀቱ ከየት ይገባል?

ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ለአንድ ሳምንት ልኬት ተወሰደ። የተገዙት ሁለት ርካሽ ዲጂታል ቴርሞሜትሮች ናቸው፤ አንዱ በኋላው ክፍል ከወለል 1 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ሌላው በሰሜን በኩል በውጭ ጥላ ሥር ተሰቀለ። የቆርቆሮውን የውስጥ ገጽ ለመለካት በኢንፍራሬድ የሚሠራ መለኪያ ለሁለት ቀን በውሰት ተገኘ።

የውጩ ጥላ 35 ዲግሪ በነበረበት ቀን፣ በ7 ሰዓት የቆርቆሮው የውስጥ ገጽ ከ60 ዲግሪ በላይ ሆኖ ተገኘ። በ9 ሰዓት የኋላው ክፍል አየር 39 ዲግሪ ነበር፤ ከውጩ ጥላ በ4 ዲግሪ ይበልጣል። ኮርኒስ ያለው የፊተኛው ክፍል በዚያው ሰዓት 36 ነበር። የምዕራቡ ግድግዳ የውስጥ ገጽ ደግሞ ከፍተኛው ሙቀት ላይ የደረሰው ከምሽቱ 2 ሰዓት አካባቢ ነው። ከቀትር በኋላ የጠጣውን ፀሐይ ሰዎቹ ሊተኙ ሲሉ ወደ ክፍሉ ይለቀው ነበር።

ይህ በሒሳብም ይታያል። በጠራ ሰማይ በቀትር አንድ ካሬ ሜትር አግድም ቦታ እስከ 1,000 ዋት የፀሐይ ኃይል ይቀበላል። የዚህ ቤት ጣሪያ ከግድግዳው አልፎ ከሚወጣው ክንፉ ጋር 9 በ6፣ ማለትም 54 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ስለዚህ በቀትር በላዩ የሚያርፈው ከ50 ኪሎ ዋት በላይ ነው። የዛገ ቆርቆሮ አብዛኛውን ይጠጣል። ከጠጣው ውስጥ ብዙውን መልሶ ለውጩ አየርና ለሰማይ ይሰጣል፣ የቀረው ወደ ታች ይወርዳል። ቤተሰቡ ሊገዛው የነበረው ባለ 9,000 ቢቲዩ (የኤሲ አቅም መለኪያ) ኤሲ ከክፍሉ ማውጣት የሚችለው 2.6 ኪሎ ዋት ብቻ ነው። ጣሪያው እንዳለ ሆኖ ኤሲ ቢገባ ቀኑን ሙሉ ሳያርፍ ሲሠራ ይውላል እንጂ ክፍሉን አያበርድም።

የፀሐይዋ አቅጣጫም መታየት ነበረበት። ድሬዳዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9.6 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ ፀሐይ በሚያዝያ 7 አካባቢ በቀትር ልክ አናት ላይ ትውላለች። ከዚያ በኋላ እስከ ነሐሴ 22 ግድም ድረስ በቀትር የምትታየው ወደ ሰሜን አዘንብላ ነው። በጣም ስታዘነብል፣ በሰኔ 14 አካባቢ፣ ከአናት 14 ዲግሪ ብቻ ትርቃለች። በዚህ ማዕዘን 50 ሳንቲ ሜትር የወጣ የጣሪያ ክንፍ ከሥሩ 2 ሜትር ግድግዳ ያጠላል። ቤቱ 50 ሳንቲ ሜትር ክንፍ ስላለው ለሰሜኑና ለደቡቡ ግድግዳ ወጪ ማውጣት አላስፈለገም። ትኩረቱ ጣሪያውና የምዕራቡ ግድግዳ ሆነ።

ቀደም ሲል የተሞከረው

ባለፈው ዓመት ቤተሰቡ ሦስት ነገር ሞክሮ ነበር። አንደኛው ወፍራም መጋረጃ ከመስኮቱ በስተውስጥ መስቀል ነው። ፀሐይዋ መስታወቱን አልፋ ከገባች በኋላ መጋረጃው ላይ ብታርፍ ሙቀቱ ያው ክፍሉ ውስጥ ይቀራል፤ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ሁለተኛው ቀኑን ሙሉ መስኮት ከፍቶ ቬንትሌተር ማስነሳት ነው፤ ይህ የ35 ዲግሪ አየር እየጋበዙ ማስገባት ነው።

ሦስተኛው ጣሪያውን በኖራና በጨው መቀባት ነበር። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ነጭ ጣሪያ ያበርዳል። የተሳሳተው ቁሱ ነው። ኖራ ድንጋይና ልስን ላይ ይይዛል፣ ለስላሳ ብረት ላይ ግን አይይዝም። እርጥብ ኖራ የቆርቆሮውን የዚንክ ሽፋን ይበላል፣ ጨው ደግሞ ዝገትን ያፋጥናል። የሐምሌ ዝናብ ኖራውን አጥቦ ወሰደው፤ በሚስማሮቹ ዙሪያ የቀረው አዲስ ዝገት ነው።

ጣሪያው

ሥራው የተጀመረው በመጋቢት መጨረሻ ነው። መጀመሪያ የላሉ ሚስማሮች ተነቅለው ጎማ ባላቸው ተተኩ፤ ውኃ የሚያስገቡ ቀዳዳዎችም ተደፈኑ። የሚያፈስ ጣሪያ ቀለም ቢቀባም ያፈሳል፣ ከሥሩ የሚሠራው ኮርኒስም ይበላሻል። ቀጥሎ ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ተፋቀ፣ ጣሪያው በሳሙና ውኃ ታጥቦ ደረቀ። የዛጉት ቦታዎች ብቻ ዝገት የሚከላከል ቀለም (አንቲረስት) ተቀቡ። ከዚያ ሁሉም ነጭ፣ የማያብረቀርቅ፣ በውኃ የሚቀጥን አክሪሊክ የውጭ ቀለም ሁለት ጊዜ ተቀባ።

የቀለሙ ዓይነት ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። የዘይት ቀለም ብረት ላይ ይጠነክራል ተብሎ ይመረጣል። ቀለሙ ውስጥ ያለው ዘይት ግን ከዚንኩ ጋር ይዋሐድና ከሥር ሳሙና መሰል ነገር ይፈጥራል፤ ከጊዜ በኋላ ቀለሙ እንደ ቅርፊት ይነሣል። ዚንኩ ገና ያልለቀቀ ቆርቆሮ የሚስማማው በውኃ የሚቀጥነው ነው። አዲስና የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ከሆነ ወዲያው መቀባት አይገባም። ጥቂት ወራት ዝናብና ፀሐይ ይምታው፣ ወይም በኮምጣጤ ታሽቶ በንጹሕ ውኃ ይታጠብ።

መጠኑ እንዲህ ተሰላ። 54 ካሬ ሜትር በጣሪያው ተዳፋትና በቆርቆሮው ሞገድ ምክንያት ወደ 62 ካሬ ሜትር ይሆናል። አንድ ሊትር 8 ካሬ ሜትር ቢሸፍን ለአንድ ዙር 8 ሊትር፣ ለሁለት ዙር 16 ሊትር ያስፈልጋል። የተገዛው 20 ሊትር ነው፤ የተረፈው ለሚቀጥለው ዓመት ጥገና ታሽጎ ተቀመጠ። የመጀመሪያው ዙር አንድ አሥረኛ ውኃ ተጨምሮበት ቀጠነ፣ ሁለተኛው ሳይቀጥን በማግሥቱ ተቀባ።

ቅቡ የተሠራው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ብቻ ነው። ቆርቆሮው ከጋለ ቀለሙ ሳይያያዝ ይደርቃል፣ ሠራተኛውም በፀሐይ ይጎዳል። የሚረገጠው በሚስማሩ መስመር ላይ ነው፤ ከሥሩ ማገር አለና። በዚያ ላይ ሰፊ ጣውላ ተጋደመ። ሠራተኛው በወገቡ ገመድ አስሮ ነበር፤ ይህን ማንም ሊዘለው አይገባም። ከአሸንዳው ወደ ሮቶ የሚገባው ቱቦም ተፈቶ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ውኃ ወደ ደጅ እንዲፈስ ተደረገ።

ኮርኒስና የጣሪያው አየር

ለኋላው ክፍል ቺፑድ መግዣ አልነበረም። 22 ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ታጥቦ፣ ተቀዶ፣ ጎን ለጎን ተሰፍቶ 20 ካሬ ሜትር የሚሸፍን አንድ ሸራ ሆነ። ሸራው ተወጥሮ በቀጭን ጣውላ ጠርዝ ጠርዙን ተመታ፣ ነጭ ቀለምም ተቀባ። ዋና ጥቅሙ የጋለው ብረት በቀጥታ ሰው ላይ የሚያወርደውን ጨረር መጋረዱ ነው። የማዳበሪያ ከረጢት እሳት ቶሎ ይይዘዋል። ስለዚህ በላዩ የሚያልፉት ሽቦዎች በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ገቡ፣ አምፖሉም ወደ ግድግዳ ወረደ።

በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል የታሰረ አየር ካልወጣ እየጋለ ይሄዳል። በምሥራቅና በምዕራብ ከኮርኒሱ በላይ ባለው የግድግዳው ሦስት ማዕዘን ክፍል ከየአንዳንዱ ሁለት ብሎኬት ወጥቶ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ ተከፈተ። ወደ ውስጥ የሚተካው አየር ከጣሪያው ጫፍ፣ በቆርቆሮው ሞገድ ሥር ባለው ክፍተት ይገባል። ቀዳዳዎቹ ወፍና የሌሊት ወፍ እንዳይገባ የሽቦ ወንፊት ተመቱ፤ ዝናብ እንዳይገባም አጭር የቆርቆሮ ጥላ ተደረገላቸው።

የምዕራቡ ግድግዳ

ባለፈው ዓመት የተረፈው ኖራ ቦታውን ያገኘው እዚህ ነው። ልስኑ ቀለም ነክቶት አያውቅም፤ ፕላስቲክ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ቢሆን ኖሮ ኖራው አይይዘውም ነበር። 5 ኪሎ ኖራ በ10 ሊትር ውኃ ተበጥብጦ አደረ፣ በማግሥቱ ተጣራ። ግድግዳው በውኃ ከረጠበ በኋላ በቀጭኑ ሦስት ዙር ተቀባ። በወፍራሙ አንዴ ከተቀባ ተሰነጣጥቆ ይራገፋል። ኖራ ዓይን ያቃጥላል፤ መነጽርና ጓንት ያስፈልጋል።

ከግድግዳው 50 ሳንቲ ሜትር ርቆ በአራት ቋሚ እንጨት ላይ የሰሌን መከለያ ቆመ። መሬት አይነካም፣ ከላይም ክፍት ነው፤ በመከለያውና በግድግዳው መካከል አየር ሽቅብ ይወጣል። ግድግዳው ላይ ቢለጠፍ ኖሮ ሰሌኑ ራሱ የጋለውን ለግድግዳው ያቀብለው ነበር።

ቀን ዝግ፣ ሌሊት ክፍት

ይህ ምንም ብር አልጠየቀም፤ ለማስለመድ ግን ከሁሉም ከባዱ ነበር። አያት በመጀመሪያው ቀን «ልጄ፣ በዚህ ሙቀት መስኮት ዘግቼ ታፍኜ ልሙት?» ብለው ተቃወሙ። እውነት አላቸው፤ ጣሪያው ሳይቀባና ኮርኒስ ሳይሠራ መዝጋት ማፈን ነው። ጣሪያው ከተስተካከለ በኋላ ግን ሁለቱን ቴርሞሜትሮች እያዩ ራሳቸው የመስኮቱ ኃላፊ ሆኑ። ደንቡ አንድ ነው፤ ውጩ ከውስጡ ሲበልጥ ይዘጋል፣ ውጩ ከውስጡ ሲያንስ ይከፈታል። በዚያ ቤት መዝጊያው ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ፣ መክፈቻው ማታ 1 ሰዓት ገደማ ሆነ። በጥላ በኩል ያለች አንዲት ትንሽ መስኮት በጠባቡ ክፍት ትውላለች።

ሌሊት መስኮት ከፍቶ ለማደር ሁለት ፍርሃት ነበር፤ ሌባና ትንኝ። ስለዚህ ከኮርኒሱ ሥር፣ በሰሜንና በደቡብ ግድግዳ ከፍ ብለው ሦስት የ40 በ40 ቀዳዳዎች ተከፈቱ፤ ሁለቱ በኋላው ክፍል፣ አንዱ በፊተኛው። ፌሮ ብረት፣ የትንኝ መረብና በቀን የሚዘጋ የእንጨት ክዳን አላቸው። የብሎኬቱ ግድግዳ ላይ የታሠረውን የኮንክሪት ቀበቶ፣ ምሰሶውንና ከበርና ከመስኮት በላይ ያለውን ድጋፍ መንካት አይፈቀድም። መረብ የአየሩን ፍሰት ግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ቀዳዳውን ሰፋ አድርጎ መክፈት የተመረጠው ለዚህ ነው። ትኩስ አየር ሽቅብ ሄዶ በእነዚህ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው በታችኛው መስኮት ይገባል። ከማታ 2 እስከ 5 ሰዓት ደግሞ ባለ 60 ዋት ቬንትሌተር የፊተኛው ክፍል መስኮት ላይ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ የክፍሉን አየር ያስወጣል።

ምጣዱ

የኤሌክትሪክ ምጣዱ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል፤ ሲጋገር የሚውለውም ቤት ውስጥ ነበር። በግቢው ጥግ ያለች የቆርቆሮ ጥላ ተጠግና ምጣዱም የከሰል ምድጃውም ወደዚያ ወጡ፤ መጋገሪያውም ወደ ንጋት ተዛወረ። ይህን ያህል ትንሽ ለውጥ ለምን እስከዚያ እንዳልተደረገ የሚያስገርም ነው።

እርጥብ ጆንያ

አየሩ 35 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 30 በመቶ ሲሆን በትነት እስከ 22 ዲግሪ ግድም ድረስ ማብረድ ይቻላል፤ ይህ በተግባር የማይደረስበት የመጨረሻ ወለል ነው። እርጥበቱ 60 በመቶ ሲሆን ወለሉ ወደ 28 ይወጣል። አንድ ሊትር ውኃ ሲተን 0.67 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይወስዳል። በዚህ ቤት አንድ የቃጫ ጆንያ በሰሜኑ መስኮት ተሰቅሎ ከ8 እስከ 11 ሰዓት በውኃ እየራሰ ቬንትሌተር ከበስተጀርባው ይሳብበታል። በዚያ ሰዓት በተቃራኒው በኩል አንድ መውጫ መከፈት አለበት፤ ካልሆነ እርጥበቱ ክፍሉ ውስጥ ይጠራቀምና ላብ አይደርቅም። ጆንያው በየሦስት ቀኑ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣል።

የውኃው ዕቃ ሁልጊዜ ይከደናል። ድሬዳዋ በ2013 እ.ኤ.አ. የደንጊ ወረርሽኝ ያየች ከተማ ናት፤ በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው ሰው ቤት ባለ ክፍት በርሜልና ባልዲ ውስጥ ነው።

ውጤቱ

በግንቦት የውጩ ጥላ እንደገና 35 ዲግሪ በሆነበት ቀን ልኬቱ ተደገመ። የቆርቆሮው የውስጥ ገጽ በ7 ሰዓት ከ45 ዲግሪ በታች ወረደ። የኋላው ክፍል በ9 ሰዓት 33 ዲግሪ ሆነ፤ ቀድሞ ከውጩ ጥላ በ4 ይበልጥ የነበረው አሁን በ2 ያንሳል። ማለዳ ላይ 25 ነው። ይህ የኤሲ ብርድ አይደለም። ነገር ግን አያት ከቀትር በኋላ ጋደም ማለት ቻሉ፣ ሕፃናቱም ሌሊት መተኛት ጀመሩ።

ከለውጡ ትልቁን ድርሻ የወሰዱት ቀለሙና ኮርኒሱ ናቸው፤ ሌሊቱን መክፈት ይከተላል። ኤሲው አልተገዛም። 900 ዋት የሚስብ ኤሲ በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ በወር 216 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ታሪፉም በፍጆታ መጠን ከፍ እያለ የሚሄድ ነው። ቬንትሌተሩ ለተመሳሳይ ሰዓት በወር 15 ኪሎ ዋት ሰዓት አይሞላም።

ያልተሳካው

በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ሲገባ እርጥብ ጆንያው ጥቅሙ ጠፋ፤ ክፍሉን ሻጋታ ሻጋታ ሲያሸተው ተነሣ። አሁን የሚሰቀለው ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ብቻ ነው። የላይኞቹ መረቦች በአቧራ ስለሚደፈኑ በየሁለት ሳምንቱ በብሩሽ ይጠረጋሉ። የጣሪያው ነጸብራቅ በስተሰሜን ያለውን ባለ አንድ ፎቅ ጎረቤት ዓይን አስቸገረ፤ በእነሱ በረንዳ ላይ የሰሌን መጋረጃ በጋራ ተሰቀለ። በምዕራብ በኩል ከግድግዳው 4 ሜትር ርቆ የተተከለውን የኒም ችግኝ ፍየል በላው። እንደገና ሲተከል በእሾህ ታጠረ።

አንድ ነገር ደግሞ ከቤቱ ሥራ ውጭ ነው። አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶች የሰውነትን ውኃ ያስወጣሉ፤ በሙቀት ወቅት መጠኑን ሐኪም እንዲያየው ያስፈልጋል፣ በራስ ውሳኔ ግን አይቋረጥም። በሙቀት ቀን አረጋዊ ሰው ንግግሩ ከተዘበራረቀ ወይም ራሱን ከሳተ ሰውነቱን እያረጠቡና እያራገቡ ወዲያው ሐኪም ቤት ማድረስ ነው።

ወደ ሌላ ቤት ሲወሰድ

ገንዘብ የሚበቃው ለአንድ ነገር ብቻ ከሆነ የዛገ ጣሪያ ያለው ሰው ቀለሙን ያስቀድም። ተከራይ ከሆነና አከራዩ ጣሪያ የማያስነካ ከሆነ የከረጢት ኮርኒስ፣ የሰሌን መከለያ፣ የመስኮቱ ሰዓትና የምጣዱ መውጣት በቂ ለውጥ ያመጣሉ፤ ሲለቅ ኮርኒሱንም ሰሌኑንም ይዞ ይሄዳል።

ሰመራ ላይ በሙቀቱ ወራት ሌሊቱም ስለማይበርድ ሌሊት መክፈት ይህን ያህል አያመጣም። እዚያ ጥላ፣ ነጭ ጣሪያና ደጅ ማደር ይበልጣሉ። ጋምቤላ በዝናቡ ወራት አየሩ እርጥብ ነውና ጆንያውን ትተው ነፋስ በቤቱ መካከል እንዲያልፍ ቀኑንም ይክፈቱ። አዲስ አበባን በመሰለ ደጋ ነጭ ጣሪያ አንመክርም፤ የቀትሩን ሙቀት የሚፈታው ኮርኒስ ሌሊት ብርዱንም ይከላከላል።

አዲስ ለሚሠራ ሰው የድሬዳዋን የድሮ ሰፈር ከዚራን ዞር ብሎ ማየት ይጠቅማል። ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ከደረሰ በኋላ የተሠሩት የድሮ ቤቶች ወፍራም ግድግዳ፣ ከፍ ያለ ኮርኒስና ዙሪያ በረንዳ አላቸው፤ ጎዳናውንም ዛፍ ይሸፍነዋል። በረንዳና ከፍ ያለ ኮርኒስ ገና በፕላን ሲታሰቡ ወጪያቸው መጠነኛ ነው፤ ቤቱ ካለቀ በኋላ ግን ማስገባት ከባድና ውድ ነው።

ነጭ ጣሪያ በአቧራ ከተሸፈነ ፀሐይዋን መመለሱ ይቀንሳል። ስለዚህ ይህ ቤተሰብ በየዓመቱ መጋቢት መጨረሻ ላይ ጣሪያውን በመጥረጊያና በውኃ ያጥባል፣ የሚስማሩን መስመር ይፈትሻል፣ የተላጠ ቦታ ካለ ካስቀመጠው ቀለም ይነካካል። በሁለተኛው ዓመት መነካካት ያስፈለገው በአሸንዳው አጠገብ ውኃ የሚተኛበት ጠርዝ ብቻ ነበር።